ለመሮጫው የተላኩ ሽማግሌዎች

መቅደላዊት አባቷ ስለ እሷ ሲለማመጥ የሰማችው መታጠቢያ ቤት ገብታ የእግሯን ጥፍር ስትቆርጥ ነው። የእነሱ አፓርትመንት ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኩሽና ውስጥ የተንሾካሾኩት ነገር በማሞቂያው ቀዳዳ ሾልኮ መታጠቢያ ቤት ሲደርስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንዲያውም ስለዚህ ቤት ጉዳይ ሳሎን ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ሽንት ቤት የተቀመጠው ብዙ ያውቃል። «እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ ጋሽ ለገሠ» ይላል አባቷ በስልክ። «ሌላ ምን አቅም አለኝ? እናንተ ሽማግሌ ሆናችሁ ከሄዳችሁልኝ ሰውየው ፊቱን አያዞርባችሁም። ሦስት ሆናችሁ፣ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ። አዎ፣ ዛሬውኑ፤ ሰኞማ ያልቃል።» መቅደላዊት ጥፍር መቁረጫውን እንደያዘች ቀረች። ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው፤ የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ላከ ሲባል ሰምታ አታውቅም። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ያላት ፍቅረኛ ቢኖር የአምስት ሺህ ሜትር ሩጫ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ፊት ነስቷታል።

በባዶ እግሯ ኩሽና ገባች። «አባዬ፣ ለማን ልትድረኝ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አለ እንዳሻው ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ። «ለኮሌጁ ነው።»

«ኮሌጁን ነው የማገባው? ኧረ ቢያንስ ደሞዙን ጠይቁልኝ።»

እንዳሻው አልሳቀም። እናቷ እታለምም፣ ሶፋው ላይ በታጠበ ልብስ ክምር ተከባ ካልሲ ከካልሲ እያጣመረች፣ አልሳቀችም። ባልና ሚስቱ ከማክሰኞ ጀምሮ በቀጥታ አይነጋገሩም። «አባትሽን ቁልፉን የት አደረግከው በይው» ትላለች እታለም፤ እሱም አጠገቧ ቆሞ «ሚስማሩ ላይ ነው በያት» ይላል፤ መቅደላዊት መሐላቸው ሆና ከአማርኛ ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። የኩርፊያው ምክንያት ያው ኮሌጁ ነበር።

ኮሌጁ መሮጫ አለው፤ አለው ከተባለ። ጎማው እንደ አሮጌ ቀለም ተላልጦ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ጥንቸል የምታድርበት ጉድጓድ ወጥቶ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ በአጥር ታጥሯል። ሯጮቹ ከዴንቨር አውሮራ ድረስ እየተጫኑ፣ የሃይስኩል ሜዳ ተለምኖላቸው፣ የሃይስኩሉ ልጆች ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ በብርድ ይለማመዳሉ። አዲስ ይሠራል ተብሎ ነበር። ተብሎ ብቻም አልቀረ፤ ገንዘቡ ተለምኖ ነበር፣ ለማኟም መቅደላዊት ራሷ ነበረች። አንደኛ ዓመት ሳለች ዳውንታውን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እራት ተዘጋጅቶ፣ ማልያ አስለብሰው መድረክ ላይ አወጧት። አባትሽ ፓርኪንግ ጋራዥ እንደሚሠራ፣ እናትሽ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትደረድር እንደምታድር ተናገሪ አሏት፤ ተናገረች። እናትሽ ወገቧን የሚያማትን ክፍል ትንሽ ቀስ ብለሽ አሏት፤ ቀስ አለች። ዕንቁ ያሰሩ ሴትዮዎች በጨርቅ ናፕኪን ዓይናቸውን እየጠረጉ ቃል ገቡ። በማግስቱ አዲሱ መሮጫ በኮምፒውተር ተስሎ፣ በኮምፒውተር የተሳሉ ልጆች ሲሮጡበት የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። እታለም ግን ያን ዕለት ሆቴሉ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነው ያመሸችው፤ «ወገቤን ለፈረንጅ እራት አቀረባችሁት» ብላ ስትናገር እንዳሻው «ለልጅቷ መሮጫ አይደለም ወይ» ብሎ ዝም አሰኝቷት ነበር።

ከዚያ የኮሌጅ ስፖርት ሕግ ተለወጠ። ለተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው መክፈል ተፈቀደ። መቅደላዊት ይሄንን አልጠላችውም፤ የሚደክም ሰው ይከፈለው። እሷም ብትሆን ድርሻዋን አግኝታለች፦ ሃቫና ስትሪት ላይ ያለው የቤዚ ምግብ ቤት ሜዳሊያ አንገቷ ላይ ያለበትን ፎቶ ገንዘብ መቀበያው ላይ ለጥፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጻ ጥብስ ይሰጣታል። የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አግቢ የሆነውን ረጅም ልጅ ግን ሌላ ኮሌጅ «እኛ ጋ ና፣ የበለጠ እንክፈልህ» አለው። ኮሌጁ ደንግጦ ኪሱን ሲዳብስ እጁ ላይ የመጣለት የመሮጫው ገንዘብ ሆነ። ለለጋሾቹ ተደወለ፤ ለመሮጫው የሰጣችሁትን ወደ ተጫዋቾች ክፍያ ብናዞረውስ ተባሉ፤ እነዚያ በናፕኪን ዓይናቸውን የጠረጉት ሰዎች እሺ ለማለት ናፕኪን እንኳን አላስፈለጋቸውም። ይሄን ሁሉ ለመቅደላዊት የነገራት አሰልጣኟ ነው፤ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ «ከኔ አልሰማሽም» ብሎ። ማክሰኞ ደግሞ ኢሜይል መጣ። የመሮጫው ሥራ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል፤ የሩጫ ቡድኑ ይቀጥል አይቀጥል ሰኞ ይወሰናል። ቡድኑ ከቆመ የትምህርት ክፍያዋም አብሮ ይቆማል። እታለም ኢሜይሉን በስልኳ አስተርጉማ አነበበችው፤ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

እንዳሻው ያመጣው መላ እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በስድስት ሰዓት በጥቁር ሰበርባን መጡ። መኪናው የጋሽ ሰላሃዲን ነው፤ ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልሱበት፣ ውስጡ ሁልጊዜ ውሃና ከረሜላ የማይጠፋበት፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር። የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ለገሠ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አውሮራ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ያስታረቁት ነው፤ አልታረቅም ብሎ የተፋታም ካለ ሰላምታቸውን ያጣ ነው። ከኋላ ጋሽ ተክለሚካኤል አሉ፤ የሌሊት ጥበቃ ስለሆኑ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፤ ክራቫታቸውን አስረው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው። እንዳሻው ባለጉዳይ ስለሆነ አብሮ አይሄድም፤ ደንቡ ነው። መቅደላዊት በአስተርጓሚነት ተጨምራ ከኋላ ገባች፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ እጅ ነሥቶ ሸኛቸው፤ ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄደ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃ አለልሽ፤ ከረሜላ አለልሽ» አሉ ጋሽ ሰላሃዲን በመስታወቱ እያዩዋት። «ቲፕ ብቻ እንዳትረሺ።»

«ጋሽ ሰላሃዲን፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ ጋር ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ለምን እኔ አስተረጉማለሁ?»

«የማወራው ስለ በረዶ ነዋ! ዘነበ፣ አልዘነበ። በዚያ እንግሊዝኛ ሰው ይለመናል?»

ጋሽ ለገሠ ቀበቷቸው እስከፈቀደላቸው ዞሩ። «ሽምግልና በእንግሊዝኛ ክብደት የለውም። እኛ በአማርኛ እንናገራለን፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። ስምሽን አንጠራም፤ ቂም ይይዙብሻል። 'ልጆቻችን' ነው የምንለው። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ፣ አለቀ። ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

«መቀነስስ እችላለሁ?»

ጋሽ ሰላሃዲን ሲስቁ መኪናው ትንሽ ተወዛወዘ። ጋሽ ለገሠ ግን አልሳቁም፤ የሚናገሩትን በሹክሹክታ እየተለማመዱ ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደጀመረ መቅደላዊት የገባት የኮሌጁ በር ላይ ነው። ጋሽ ለገሠ ጠዋት ለኮሌጁ ስፖርት ቢሮ ደውለው «የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ መሪዎች ነን፤ ስለ ስፖርታችሁ ትልቁን ሰው ማነጋገር እንፈልጋለን» ብለው ነበር። ዕለቱ የጨዋታ ቀን ነው፤ ቢሮው ሀብታም እንግዳ የሚያስተናግድበት። እንግዲህ ጥቁር ሰበርባን፣ ሦስት ባለ ሙሉ ልብስ፣ አንድ አስተርጓሚ። ጠባቂው መንገድ የሚዘጋበትን ኮን በሩጫ አነሣላቸው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ፤ አንዲት ልጅ ወጥታ ለእያንዳንዳቸው የኮሌጁን አርማ የያዘ ኮፍያና ሻርፕ አደለቻቸው። ለመቅደላዊት አልሰጠቻትም። ሽማግሌዎቹ የተሰጣቸውን ነገር መመለስ ነውር ስለሆነባቸው ኮፍያውን ከክራቫት ጋር አደረጉት።

የተቀበላቸው ምክትል ዳይሬክተር ታይለር ይባላል፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ለገንዘብ ማሰባሰቡ ሥራ የተቀጠረ፣ ጥርሱ ውጭ ካለው በረዶ የነጣ ሰው ነው። እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። መጀመሪያ ላስጎብኛችሁ አለና የቅርጫት ኳሱን ልጆች መልበሻ ክፍል ከፈተላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ በመብራት የተጻፈበት፣ ወደ ኋላ የሚለጠጥ የቆዳ ወንበር አለው። ፀጉር መቁረጫ ወንበር አለ። ቀዝቃዛ ገንዳ አለ፣ ሙቅ ገንዳ አለ፣ ገንዳ ውስጥ ሆኖ የሚታይ ቴሌቪዥን አለ። «ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ሰላሃዲን፤ «የኔ ሳሎን ይሄን አያክልም።» ታይለር ምን አሉ ብሎ መቅደላዊትን አየ፤ ሳሎኔ ይሄን አያክልም ይላሉ አለችው፤ ጥርሱን በሙሉ አሳየ። የሯጮቹ ልብስ መቀየሪያ አሮጌው ጂም ምድር ቤት ያለ ኮሪደር እንደሆነ፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ባልዲ እየተፈራረቁ እንደሚያዞሩ፣ መቅደላዊት አልተናገረችም። ከራስሽ አንዲት ቃል ተብላለችና ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ወደ ላይ ሲወጡ በግድግዳው ላይ የኮሌጁ ቡድኖች ፎቶ ተደርድሯል። የሯጮቹ ፎቶ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከፊቱ ለእንግዶቹ የተዘጋጀ የፈንዲሻ ማሽን ስላቆሙበት ግማሹ ተሸፍኗል፤ ከመቅደላዊት የሚታየው ክርኗ ብቻ ነው። ታይለር እዚያው ጋ ቆሞ ለሽማግሌዎቹ ፈንዲሻ አቀበላቸውና ወደ እሷ ዞሮ በደግነት «በጣም ጎበዝ ነሽ። የየትኛው አስተርጓሚ ድርጅት ሠራተኛ ነሽ?» አላት።

መቅደላዊት ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቤት ሮጣለች። የእግሯ አጥንት የተሰነጠቀው በዚህ ቤት መሮጫ ጉድጓድ ነው፤ ታማ የተኛችው፣ ድና የተነሣችው፣ አንደኛ ወጥታ ዋንጫ ያመጣችው ለዚህ ቤት ነው፤ የእናቷን ወገብ የሸጠችው ለዚህ ቤት ነው። ሰውየው ደግሞ ከክርኗ አጠገብ ቆሞ ድርጅትሽ ማነው ይላታል። ወደ ጋሽ ለገሠ አየች። ጋሽ ለገሠ በዓይናቸው «ዋ!» አሏት። «የግሌ ነኝ» አለችው።

ስብሰባው ሜዳውን ከላይ በሚያሳይ ባለ መስታወት ክፍል ውስጥ ሆነ። ጋሽ ለገሠ ብድግ ብለው ጀመሩ። የታይለርን ጤና ጠየቁ፤ ቀጥለው የእናቱን ጤና ጠየቁ፤ ቤቱን ባረኩ፤ ኮሌጁን ባረኩ፤ ዴንቨርን ከነተራራዋ ባረኩ። መቅደላዊት ተከተለች፤ ታይለር እናቴ አሪዞና ነች፣ ደህና ነች፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም ብሎ እውነትም ዓይኑ ረጠብ አለ። ጋሽ ለገሠ ይበልጥ ተበረታቱ። ልጅ የወላጅም የማኅበረሰብም ነው፤ ልጆቻችንን አደራ ሰጥተናችኋል፤ አደራ ደግሞ ይከብዳል እያሉ ዙሪያውን ዞሩ፣ ዞሩ፣ አልገቡም። ሽምግልና እንዲያ ነው፤ ነገሩን ከአጥር ውጭ ያስቀምጡትና ሰውየው ራሱ ወጥቶ እንዲያስገባው ይጠብቃሉ። ታይለር ግን አጥር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሰማው «ልጆች»፣ «አደራ»፣ «ማኅበረሰብ» ነው፤ ይሄ ሁሉ ለእሱ ጆሮ የቼክ ድምፅ ነበር።

ያኔ አንቀላፍተው የነበሩት ጋሽ ተክለሚካኤል ዓይናቸውን ገለጡ። «መሮጫውስ?» አሉ።

መቅደላዊት ከአፋቸው ነጥቃ አስተረጎመችው።

ታይለር አልደነገጠም። በመስኮቱ በኩል በረዶ የለበሰውን አጥር አሳያቸው። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «ግልጹን ልንገራችሁ። መሮጫ ትራክ የትም አይሄድም። ዛሬ ባይሠራ የዛሬ አምስት ዓመት እዚያው ታገኙታላችሁ። ተጫዋች ግን እግር አለው። ዛሬ ካልከፈልኩት በሚያዝያ የለም፤ እሱ ከሄደ ትኬት የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ያኔ ለሌላውም ስፖርት የሚተርፍ የለም። ሕንፃ የሚለግስ ድሮ ብዙ ነበር፤ አሁን የምለምነው ለሰው ነው።»

መቅደላዊት ቃል በቃል አስተረጎመች። እየተናገረችው ሳለ ሐሳቡ የሞኝ እንዳልሆነ ገባት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሰውየው ውሸታም ቢሆን ይሻላት ነበር። ግን እኛስ እግር የለንም ወይ? እግር ብቻ አይደለም ወይ ያለን? ልጁ ይከፈለው፤ በእኔ እናት ወገብ ከተለመነው ላይ ለምን? ይሄን ሁሉ በሆዷ ይዛ ሽማግሌዎቹ ይሉታል ብላ ጠበቀች። አሁን ነው፣ አጥሩ ተከፍቷል፣ ግቡ!

በሩ ተከፈተና ረጅሙ ልጅ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ጉበኑን ሸሽቶ። እንግዶቹን ሰላም በል ተብሎ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። የሦስቱንም እጅ እያጎነበሰ ጨብጦ፣ ለጋሽ ለገሠ ከማልያው ቁጥር ጋር የፈረመበትን ኳስ ሰጣቸው። «አይ የልጅ ትሕትና!» አሉ ጋሽ ለገሠ ኳሱን እንደ ሕፃን አቅፈው። ታይለር ጊዜ አላባከነም። እንደ እናንተ ያሉ ማኅበረሰቦች ናቸው ይሄን ልጅ እዚህ የሚያቆዩት አለ፤ እጁንም ዘረጋ።

የተዘረጋ እጅ። ኮፍያው ራሳቸው ላይ፣ ኳሱ እቅፋቸው ውስጥ፣ ፈንዲሻው ጥርሳቸው መሐል። ጋሽ ለገሠ በዕድሜያቸው ሰው ቤት ገብተው፣ ተስተናግደው፣ የተዘረጋ እጅ መልሰው አያውቁም። ላባቸው ከኮፍያው ሥር ወረደ። ወደ ጋሽ ሰላሃዲን አዩ፤ ጋሽ ሰላሃዲን ጣራውን አዩ። ከዚያ ጋሽ ለገሠ በአማርኛ ሳይሆን፣ ክብደት የለውም ባሉት በእንግሊዝኛ፣ «ፋይቭ ታውዘንድ» አሉ፤ አምስት ሺህ ዶላር። «ፍሮም አወር ኮሙኒቲ።» እጁን ጨበጡት።

መቅደላዊት መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው። «ጋሽ ለገሠ! ምን ነካዎት?» ብድግ ብላለች። «ልትለምኑልኝ መጥታችሁ መጽውታችሁ ልትሄዱ? መሮጫዬን ለበላው ኪስ? የመረዳጃውን ብር? ሰው ሲሞት የምናወጣውን?»

«ተቀመጪ!»

«በአንድ ኮፍያ ነው የሸጡኝ? እኔ እኮ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር፤ ለካ ቲፎዞ ነዎት!»

ጋሽ ተክለሚካኤል ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ረጅሙ ልጅ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን አየና እግሩን አየ። ታይለር «ሁሉም ደህና ነው?» አለ ለአስተርጓሚዋ።

«በጣም ተደስተዋል» አለችው መቅደላዊት በእንግሊዝኛ። ለቅሶዋ እንዳያመልጣት ቀድማቸው ወጣች።

ወደ አውሮራ ሲመለሱ ከረሜላ የሚያቀርብ አልነበረም። ጋሽ ሰላሃዲን ሬዲዮ ከፈቱ፤ ዘጉ። ጋሽ ለገሠ ኳሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮቱ የሃቫናን የመኪና መሸጫዎች አንድ በአንድ ሲያዩ መጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ «ፈረንጅ ፊት!» አሉ ለራሳቸው።

አመሻሽ ላይ እነዚያው ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። ኮሌጁን አንዲት ነገር ያላስጨነቀው ሽምግልና እሷ ላይ ሲሆን በሙሉ ወጉ ነበር። ጋሽ ለገሠ ተበዳይ ናቸውና ታች ሰበርባኑ ውስጥ ሞተር እንደበራ ተቀመጡ፤ ጋሽ ሰላሃዲንና ጋሽ ተክለሚካኤል ወጥተው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ አንቀመጥም፤ ሻይ ቢባሉ አንጠጣም፤ ልጅቷ ወርዳ ጋሽ ለገሠን ይዛ ትውጣና ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ትጠይቅ። ከጋራዥ የተመለሰው እንዳሻው ጃኬቱን እንኳን አላወለቀም። «ወርደሽ አምጫቸው» አላት። «እኔ ለምኜ ነው የላክኋቸው። ነገ እንዴት ነው ፊታቸውን የማየው?»

«እኔስ ሰኞ የማንን ፊት ነው የማየው አባዬ? የመረዳጃውን ብር ለእነሱ ሰጥተው ሸጡኝ እኮ!»

«በደሉ በደል ነው፣ አፍሽ አፍሽ ነው!»

ወረደች። ጋሽ ለገሠ መስኮቱን ሳያወርዱ ትንሽ አስቆሟት፤ ከዚያ ወጡ፤ ደረጃውን ሲወጡ ጉልበታቸው ይንቋቋ ነበር፣ እሷም ሳታስበው ክንዳቸውን ያዘች። ሳሎን ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ግድግዳ ላይ ተከሉ። ሁሉም ጠበቀ። መቅደላዊት ጉልበቷ አልታጠፍ አላት።

እታለም ከኩሽና እጇን እየጠረገች መጣች። ከማክሰኞ ጀምሮ ድምፅዋን በሙሉ ያወጣችው ያኔ ነው። «ትስማለች» አለች። «አሳድጌያታለሁ፤ ትልቅ ሰው ሰድባለች፤ ትስማለች። እኔም አብሬ እስማለሁ። ግን መጀመሪያ ይደውሉና ያን ብር ይተዉልን ጋሽ ለገሠ።»

«እታለም!» አለ እንዳሻው፤ በቀጥታ፣ በስሟ።

«አንተ ዝም በል። አንዴ ዝም አሰኝተኸኛል። ብሩ ውስጥ የኔም መዋጮ አለበት፤ ካርቶን ተሸክሜ ያመጣሁት። ይደውሉ።»

ጋሽ ለገሠ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «ምን ብዬ ነው የምለው? ጨብጬዋለሁ እኮ» አሉ። ድምፃቸው የሊቀመንበር ድምፅ አልነበረም።

«'ኖ' ይበሉት» አሉ ጋሽ ተክለሚካኤል። «አጭር ነች።»

ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ የሚደውሉት በላውድ ስፒከር ነው። ጠራ። ታይለር አነሣ፤ ከኋላው ጩኸትና ከበሮ ይሰማል፤ አሸንፈዋል። ጋሽ ለገሠ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሚስተር ታይለር፣ ሶሪ፣ ኖ» አሉ። «ማኒ፣ ኖ። ትራክ፣ ዬስ። ፎር አወር ገርልስ፣ ትራክ።» ከዚያ አላስችል ብሏቸው «ታንክ ዩ» ጨመሩበት።

ቀኑን ሙሉ አራት ሰው ያስጨነቀችው «እምቢ» ታይለርን ምንም አላለችውም። ችግር የለም፣ ችግር የለም አለ እየሳቀ፣ ስለመጣችሁልኝ ደስ ብሎኛል። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰዎቹን ስለወደዳቸው ይመስላል፣ ሌላ ነገር ጨመረ። ፈጣን እንግሊዝኛ ነበር፤ ረጅምም አልነበረም። እናትህን ሰላም በልልን ያለው ሳይኖር ራሱ «እናቴን ሰላም እልላችኋለሁ» ብሎ ዘጋው።

እንዳሻው ዳውንታውን ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት በእንግሊዝኛ መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው ነው። ጋሽ ሰላሃዲን ስለ በረዶ ብቻ አይደለም የሚያወሩት። እታለምም ትእዛዝ የምትቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉም ሰምቷል። ቢሆንም እንዳሻው ወደ መቅደላዊት ዞሮ፣ ምናልባት የሰማው ልክ እንዳይሆን ተስፋ አድርጎ፣ «ምን አለ?» አላት።

ሁሉም አዩዋት። መቅደላዊት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከራሷ አንዲት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ አስተረጎመች።

«ስለ ትራኩ አትድከሙ ይላል። የሩጫ ቡድኑ ይዘጋል ይላል። ማክሰኞ ነው የተወሰነው፤ ሰኞ የሚደረገው ስብሰባ ለወጉ ነው ይላል። ወዳጆቼ ስለሆናችሁ ነው የነገርኳችሁ፤ ለልጆቹ እስክንነግራቸው ድረስ በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር ይላል።»

እታለም አፏን በመዳፏ ያዘች። ጋሽ ለገሠ ስልኩ ላይ፣ የጠፋው መስታወት ላይ፣ አፍጥጠው ቀሩ። ማንም ሰው ስለ ይቅርታው አላነሣም፤ ቆማ የጠበቀቻቸው እሷ ነበረች። ተራ በተራ ፊታቸውን አየች።

«እሺ» አለች፤ «አሁን የማንን ጉልበት ነው የምስመው?»